ቂምህን ይዘህ ና

ቲቸር የሺ መሞታቸውን የነገረኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ስልክ ከጠፋ ሰነባብቶ ስለነበር፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚመጣ ወሬ ሁሉ እንደ ጤፍ በመኪና ተጭኖ ነበር የሚደርሰን፤ መንገድ ላይ የሚንጠባጠበው ተንጠባጥቦ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አስተማሪህ አረፉ» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ቂመኛዋ።»

አላመንኩም። ሞጣ ላይ ያልጨረሱት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። እኚያ ሴት መልአከ ሞት ራሱ ቢመጣ «ቆይ፣ አንዲት የቀረችኝ ነገር አለች፤ እስከዚያው ሻይ ጠጣ» ብለው የሚያስቀምጡት ዓይነት ነበሩ። ቢቀመጥላቸው ደግሞ ወዮለት። ስለ ሥራው ጠይቀው፣ ከነክንፉ አገላብጠው፣ «ያንተ ሥራ እኮ አያዋጣም ልጄ፤ አንዴ የመጣልህ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም» ብለው አሳፍረው ይሸኙት ነበር።

ይህን የምጽፈው ግን እሳቸውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲያነበውም ነው። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ዕድሜው ካባቴ ዕድሜ ይጠጋል፤ ሞጣ ላይ ትልቁ ሆቴል የእሱ ነው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እናቴ ባለጌ አላሳደገችምና። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ይህም ከበቀሌ ይቆጠርልኝ።

ነገሩ የተጀመረው እኔ ገና ንፍጤን በእጅጌዬ በምጠርግበት ዘመን ነው። ቲቸር የሺ ያኔ ሞጣ ውስጥ ባንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወጣት መምህርት ነበሩ። አባታቸው ደብረ ወርቅ አካባቢ የቅኔ መምህር ስለነበሩ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት እያዩ ነው ያደጉት። እዚያ ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስጠናል፤ ቅኔ ያዘጋጀ ደግሞ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይነግራል፤ የጎበጠው ሁሉ እዚያው፣ ሰው እየሰማ ይቃናል። ቲቸር የሺ ይህን ሥርዓት አምጥተው ለንግድ አዋሉት። የተማሪዎች የንግድ ክበብ አቋቋሙ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እያሠለጠኑ የትምህርት ቤቱን ሻይ ቤት ያንቀሳቅሱት ጀመር። ሻይ ቤቱ ደመቀ። የደመቀ ነገር ደግሞ ጌታ አያጣም።

ያኔ ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢያድግልኝ ነበር። ሻይ ቤቱን ለዘመዱ አሰጠና ቲቸር የሺን «ተማሪን ከትምህርት ወደ ችርቻሮ የምታሸሽ» ብሎ ከሶ ወደ ቢቸና አስዛወራቸው። በመሸኛቸው ዕለት፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ብድግ ብሎ፣ «እንግዲህ መምህርት፣ ቢቸና ሄደሽ ሽንኩርት አስቸርችሪ» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸው የቀረበላቸውን ሻይ ረጋ ብለው ጠጡ፤ ብርጭቆውን ገልብጠው ሳህኑ ላይ ደፉት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያን ቀን የወጋው ግን ጭራሽ መውጋቱንም አላወቀ።

እኔ ያወቅኋቸው ቢቸና ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሲያፈጡበት የተጣመመ ምስማር የሚያቃና ዐይን የነበራቸው ሴት። ከእሳቸው ክፍል የወጣ ሰው ጨረስኩ ብሎ አይገላገልም። ዩኒቨርሲቲ ገባህም ወደቅህም፣ ከአንተ በፊት የወጣ አንድ ሰው ክረምቱን አንተን ወስዶ ሙያውን ያሳይሃል፤ አንተም ስትቆም ከኋላህ የመጣውን ትወስዳለህ። እምቢ ያለ ሰው ቢኖር ቲቸር የሺ ሱቁ ድረስ ሄደው ምንም ሳይገዙ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በሩ ላይ ይቆሙበት ነበር። ይህን የቻለ ነጋዴ ቢቸና አልወለደችም።

በየወሩ አንድ እሑድ ደግሞ ጉባኤ አለን። አዲስ ነገር ሊጀምር ያሰበ ሰው ቆሞ ሐሳቡን ይነግራል፣ ሌላው ይቦጫጭቀዋል። ጉባኤው የሚደረገው የት መሰላችሁ? ቢቸና? የለም። ሚኒባስ ሞልተን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ አቧራ ለብሰን ሞጣ፤ ቢያድግልኝ ማስተማሩን ትቶ የከፈተው ሆቴል በረንዳ ላይ! እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሻይ እናዝና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ንቅንቅ አንልም። ሹፌሩ አንዴ «ቢቸና ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ነው እንዴ ቲቸር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ወንበርማ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው የእሱን ነው» አሉት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ቆሜ አልጋ መሥራት እንደምፈልግ ተናገርኩ። እንጨቱን፣ ሙጫውን፣ ገበያውን ሁሉ ዘረዘርኩ። እኔ በሠራሁት አልጋ ላይ በሬ ከነሞፈሩ ቢጋደምበት እንደማይንቋቋ ማልኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«ጥሩ ነው። ቂምህስ?» አሉኝ።

«የምን ቂም ቲቸር?»

«ማን ናቀህ?»

«ማንም። እኔ ሰላማዊ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። ቂም የሌለው ንግድ ክረምት አይሻገርም። መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ደንበኛ ሲሸሽህ፣ ጧት ምን ቀስቅሶ ያስነሣሃል? ትርፍ? ትርፍ እኮ በሌለ ቀን የለም። ቂም ግን ሁልጊዜ አለ።»

አፌ አያርፍም። «ቲቸር፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጸሎት አልኩህ? ንግድ ነው ያልኩህ። ሂድና ቂምህን ይዘህ ና።»

መሄድ አላስፈለገኝም፤ እዚያው ቆሜ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያ አልጋዬን ሠርቼ፣ ከሆቴሉ ሥር ወዳለው የቢያድግልኝ የቤት ዕቃ ሱቅ አምጥቼ፣ ሽጥልኝ ብዬው ነበር። ባንድ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ሲጢጥ አለ። ደንበኞቹ እየሰሙ «የቢቸና አልጋ ለቢቸና ቁንጫ ነው፤ ለሰው አይሆንም» አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተስ ምን አልክ?» አሉኝ ቲቸር የሺ።

«ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ራራ። «እኔም ሻይ ጠጣሁ። አንድ ነው» አሉ። ከበረንዳው አሻግረው አዩ። «ያቺ ከመንገዱ ማዶ ያለች ቤት ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት።»

«እዚያ ክፈት። የናቀህን ሰው አትስደበው፤ ተጎራበተው።» ብርጭቋቸውን ገልብጠው ሳህኑ ላይ ደፉ። ይህ ማኅተማቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገር የለም።

ከእኔ በፊት የወጣ የቢቸና በር ሠሪ ክረምቱን ሙሉ ጎኑ አስቀምጦ እንጨት ማድረቅ አስተማረኝ። ለካ አልጋዬን ሲጢጥ ያሰኘው እርጥበት ኖሯል! አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ታላቄ ደግሞ ዘመድን እየሳቁ እምቢ ማለትን አሳየችኝ፤ ይህ ከእንጨቱ የባሰ ከባድ ሙያ ነው። ስቆም እኔም ሌሎችን ወሰድኩ። እንዲህ እያልን ሞጣን ወረርናት። የቢያድግልኝ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት የቢቸና ዳቦ ቤት፤ የቢያድግልኝ ሲሚንቶ መሸጫ ፊት ለፊት የቢቸና ሲሚንቶ፤ የቢያድግልኝ አልጋ ፊት ለፊት የኔ አልጋ። ሰውዬው ጧት መስኮት በከፈተ ቁጥር ቢቸና ቆማ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች።

እሱ ግን አልገባውም። ቲቸር የሺ እየሳቁ ሰላም ስለሚሉት «አያችሁ፣ ቂም የላትም፤ የእግዜር ሰው ናት» ይል ነበር። የሞጣው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሰብሳቢም እሱ ነው። ማኅበሩ ቲሸርት አለው፣ ባነር አለው፣ ባነሩ ላይ «መሪነት፣ ሥራ ፈጣሪነት፣ ትስስር» የሚል ጽሑፍ አለው። አንድም ሰው ምስማር መምታት ያስተማረበት ቀን ግን የለም። እኛ በረንዳው ላይ ጉባኤ ስንቀመጥ መጥቶ መሀላችን ይቆምና ፎቶ ይነሣል። ኋላ «ያፈራናቸው ልጆች» ብሎ ይለጥፈዋል። ገና ልንጎራበተው የምንማከረውን ሰዎች አቅፎ፣ ጥርሱን ገልጦ!

ሻይ የምትቀዳልን የቢያድግልኝ ልጅ ትርንጎ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ አፏ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ሆቴሉን በእውነት ያቆመችው እሷ ናት። በወረቀት ግን ሥራ አስኪያጁ ወንድሟ ነው፤ የወንድሟም ዋና ሥራ ባሕር ዳር ሄዶ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ መነሣት ነው። አንድ እሑድ ትርንጎ የሻይ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ሰው ቆሞ ከሚነግርበት ቦታ ሄዳ ቆመች።

«እኔም ልንገር?»

«ንገሪ ልጄ» አሉ ቲቸር የሺ።

«ሆቴል መክፈት እፈልጋለሁ። ከዚህ ፊት ለፊት።»

ዝንብ እንኳ ክንፏን አጠፈች። እኛ ምራቃችንን ዋጥን። ከዚህ የበለጠ ምን በቀል አለ? በጉ ቀንዱን ይዞ፣ ቢላውን ራሱ ስሎ መጣ! ሁላችንም ወደ ቲቸር የሺ ዞርን። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት።

«የእኔን ቂም ሰምተሽ ከሆነ ተመለሽ» አሏት። «እሱ የራሴ ነው፤ አላውስሽም። የራስሽ አለሽ?»

«አለኝ።»

«አምጪው።»

«እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ ‹ይህን ሁሉ ያቆመው ልጄ ነው› ይላሉ። ወንድሜን ማለታቸው ነው። እኔ እዚያው ቆሜ እቀዳለሁ። ባለፈው ማኅበሩ ስለ ሴቶች መሪነት ስብሰባ ሲያደርግ እንኳ ልቀመጥ ብል፣ ‹ትርንጎ፣ ሰው በዝቷል፤ አንቺ ወጥ ቤት ሁኚ› አሉኝ።»

እኔ መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ ምስማር የሚያቃናው ዐይን አየኝና ዋጥኩት።

«ሻዩን ቀዳሽላቸው?»

«ቀዳሁ።»

«ፈሰሰብሽ?»

«ጠብታም አልፈሰሰ።»

«በስሏል» አሉ ቲቸር የሺ።

ከዚያ በኋላ ያወረድንባትን የጥያቄ ናዳ ለጠላቴም አልመኝም። ውኃው ከየት ነው? የጾም ቀን ወጥ ቤቱን ማን ይይዛል? መብራት በሌለበት ሳምንትስ? «ወንድሜ መጥቶ ቢያለቅስብኝስ?» ብላ ራሷ ጠየቀች። «ሻይ ቅጂለት» አሏት። ሁሉን መለሰች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቤቱ። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለችው ቤት አንዲት ናት። እሷም የእኔ አልጋ መሸጫ ናት።

በረንዳው ላይ ያለ ጭንቅላት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«አንተ ተበቅለሃል» አሉ ቲቸር የሺ።

«ኧረ ገና አልጠገብኩም ቲቸር!»

«በቀል ተራ አለው። ወንበር መያዝማ ድመትም ትይዛለች፤ ሥራው መልቀቁ ነው።»

«ደንበኞቼስ የት ያገኙኛል?»

«በጓሮ በኩል ሁን። አልጋ ፈላጊን እንቅልፉ ይመራዋል።» ብርጭቆው ተደፋ። አለቀ።

አልጋዎቼን እየረገምኩ ወደ ጓሮ መንገድ አዞርኩ። ስራገም ሳምንት አለፈ፤ የሞጣ ውሾች ሁሉ ድምፄን ያውቁታል።

ቢያድግልኝ ነገሩ ጆሮው ሲገባ ቤቱን የሚከለክልበት መንገድ ፈለገ። የቤቱ ባለቤት መርጡለ ማርያም የሚኖሩ ቄስ ናቸው። እዚያ ድረስ ሄዶ «ሞጣ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት ልጄ ልትከራይ ነው፤ ለዚሁ ነው የመጣሁት» ሲል፣ ቄሱ ቀሪውን ሳይሰሙ «ልጄ ከዐይኔ አትራቅ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ? እንዴት ያለ አባት ነህ!» ብለው፣ አስጎንብሰው፣ በመስቀል ዳብሰው፣ ለትርንጎ እንደሚሰጧት ቃል ገብተው ሸኙት። ይህን ሹፌሩ ሲነግረኝ ሳቄ ሦስት ቀን አላስተኛኝም።

ሥራው ተጀመረ። በር ሠሪው በሩን፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃውን፣ እኔ ወንበሩን። ከቢቸና በተራ በተራ እየመጡ አንዱ ይለስናል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። መሀል ላይ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። ቲቸር የሺ ታመዋል የሚል ወሬ ደረሰን፤ መሄጃ ግን የለም። መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፍቶ ሹፌሩ ሲያልፍ ከእሳቸው መልእክት አመጣ። መድኃኒት ወይም ጸሎት የጠየቁ መስሎን ከበብነው።

«‹በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው?› ብለዋል» አለን።

«ወደ ውስጥ» አለ በር ሠሪው።

«‹ወደ ውስጥ ከሆነ አዙሩት› ብለዋል። ‹ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ይከፈት፤ ሲከፈት እንዲያየው።›»

በሩን ነቅለን አዞርነው። ቀጥሎ የመጣው መልእክት ከላይ የነገርኳችሁ ነው።

አርባቸው ቢቸና ከወጣ በኋላ ባለው እሑድ፣ ቢያድግልኝ በሆቴሉ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀ። ባነሩ ላይ የእሳቸው ፎቶ የቴምብር ያህል ነው፤ የእሱ የበር ያህል። ከሥሩ «በእኛ ተልካ ቢቸናን ያበራች እናት» ይላል። ጓሮ ድረስ መጥቶ አልጋ ላይ ምስማር ስመታ አገኘኝ።

«አንተ ቀልደኛ፣ ንግግር ታደርጋለህ» አለኝ።

«ስለ ምን ጋሼ?»

«ስለ ሜንተርሽፕ፤ ታላቅ ታናሹን ስለ ማብቃት። እስቲ አስበው፤ እኔ ቢቸና ባልልካት ይህ ሁሉ ሰው የት ይገኝ ነበር? ያበቃኋት እኔ ነኝ።»

የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ? ውሸት አለመሆኑ ነው። እሾህ የወጋው እግር መሮጥ ቢለምድ፣ እሾሁ ሐውልት ይቁምልኝ አለ! መዶሻውን አስቀምጬ «እውነትዎን ነው ጋሼ። ሁላችንም እንመጣለን፤ ወንበር ያብዙ» አልኩት። አበዛ። ድንኳንም ጨመረ።

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ መንገዱም ተከፍቶ ነበርና፣ ሚኒባሶቹ ደረሱ። የቢቸና ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየወረደ ተሰለፈ። ቢያድግልኝ ደረጃው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሳውንድ ሲስተሙ ይጮኻል፤ የተጠሩት ባለሥልጣናት ተቀምጠዋል። ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ወጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጁን በሁለት እጄ ይዤ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው «እግዜር ያጥናዎ» አልኩት።

«አሜን፣ አሜን፤ ግባ» አለኝ።

ዞርኩና መንገዱን ተሻገርኩ። በር ሠሪው ቀጠለ፤ «እግዜር ያጥናዎ»፤ ተሻገረ። ዳቦ ጋጋሪዋ፤ «እግዜር ያጥናዎ»፤ ተሻገረች። እንዲህ እያልን አንድ በአንድ፣ ሳንቸኩል፣ በሥርዓት፣ በቁሙ ለቅሶ ደረስነው። መጀመሪያ «አሜን» ይል ነበር። መጨረሻ ላይ እጁ ብቻ ተዘርግቶ ቀረ።

ከማዶ በሩ ወደ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ትርንጎ አዲስ ሽርጥ ታጥቃ ቆማለች። መሀሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ የተደፋ ብርጭቆ አለ፤ እዚያ ማንም አልተቀመጠም። ወጡ ሲሸት ባለሥልጣናቱም ቀስ እያሉ ተሻገሩ። ሳውንድ ሲስተሙ ለባዶ ወንበሮች ስለ መሪነት ሲለፈልፍ ዋለ።

ከምሳ በኋላ ቢያድግልኝ ብቻውን መንገዱን ተሻገረ።

«አባዬ፣ ይግቡ» አለችው ትርንጎ።

አልገባም። በረንዳው ላይ ቆመ። እኔ፣ ጥሩ አስተዳደግ ያለኝ ሰው፣ ብድግ ብዬ ወንበር አመጣሁለት፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታውን መርጬ።

«ምን ላምጣልዎ?» አለችው።

«ሻይ።»

ራሷ ቀዳችለት። ጠብታ አልፈሰሰም። ያን አንድ ሻይ ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠ፤ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ዐይኑን ከራሱ ሆቴል ላይ ሳይነቅል። በዚያ በኩል ሆኖ አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀረውን ጨለጠ። ከዚያም ቀስ ብሎ ብርጭቆውን ገልብጦ ሳህኑ ላይ ደፋው። ተነሥቶ ሄደ።

አማተብኩ። «ትርንጎ፣ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ቂም ያዘ እኮ!»

«ይያዝ» አለች፣ ብርጭቆውን እያነሣች። «ያን ሁሉ ዘመን ያለ ቂም ነው የነገደው። አሁን ከፈለገ ጉባኤ መጥቶ፣ እንደ ሰው ቆሞ ይንገር።»

ይምጣ። በራችን ወደ መንገዱ ክፍት ነው። ቆሞ ሲነግር ፊት የማርመው ግን እኔ ነኝ፤ የሚቀመጥበትንም ወንበር እኔው እሠራለሁ፤ እንጨቱን ሳላደርቅ። ለቁንጫ የሚበቃ።